የደንጊ ምርመራ፦ ኤን ኤስ ዋን፣ አይ ጂ ኤም ወይስ ሲቢሲ? ብራችንን በየቱ ላይ እናውጣ

ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ባለፈው ዓመት ሎጊያና ሚሌ ሲመላለስ ሰንብቶ ኮምቦልቻ ሲገባ ከመኪናው ደግፎ ያወረደው ረዳቱ ነበር። ሰውነቱ እሳት ሆኗል። ከዓይኔ ጀርባ ይወጋኛል፣ አጥንቴን ሰባበረኝ ይላል። ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ወባ የለም ተባለ። ዊዳል ተሠራና ታይፎይድ ነው ተባለ፣ ለሕመሙ ዲክሎፌናክ መርፌ ተወጋ፣ መድኃኒቱን ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። ከየት መጣህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ ደማ። መፋቂያው ላይ ያየሁት ደም እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ሐረጎን ወጥተን ደሴ ስንደርስ ሐኪሟ ገና እንዳየችው ሁለት ነገር ጠየቀችው፦ ትኩሳቱ የጀመረህ መቼ ነው? የት ነበርክ?

የያዘው ደንጊ ነበር፣ ትንኝ የምታስተላልፈው የቫይረስ ትኩሳት። ይህን የምጽፈው ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ነው። የደንጊ ምርመራ ብዙ ዓይነት ነው፣ ዋጋውም ይለያያል። የቱ እንደሚሻል ግን ቀኑን ሳታውቁ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ትኩሳቱ የጀመረበትን ዕለት አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ካሸር የሚኬደው።

ደንጊ ደግሞ የሩቅ አገር በሽታ አይደለም። በፈረንጆቹ 2013 ድሬዳዋን ናጣት፣ በ2023 ሎጊያና ሚሌ ላይ ተነሳ። ባቲን አልፎ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የሚነሳው ከእኛው ከኮምቦልቻ ነው። ጅዳም ደንጊ የቆየ በሽታ ነው፣ ከዚያ የሚመለስ ሰው የሌለበት የወሎ ቤት ደግሞ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ከኤን ኤስ ዋን ልጀምር። ይሄ የቫይረሱ የራሱ ፕሮቲን ነው፣ ሰውነታችን ነቅቶ እስኪዋጋ ድረስ አይጠብቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደም ውስጥ ይገኛል። ከ5ኛው ቀን በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከ7ኛው በኋላ ብዙውን ጊዜ አይታይም። ትኩሳቱ ገና ሁለት ሦስት ቀኑ ከሆነ ብራችሁን እዚህ ላይ አውጡ። አንድ ድክመት አለው። ከዚህ በፊት ደንጊ ይዞት የሚያውቅ ሰው ላይ፣ የድሮው አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያወጣው መከላከያ) ፕሮቲኑን ቀድሞ ስለሚይዘው ኪቱ፣ ማለትም ፈጣን መመርመሪያው፣ ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ኔጌቲቭ ወጣ ብላችሁ ነገሩን አትዝጉት።

አይ ጂ ኤም ሌላ ነው። ሰውነት ቫይረሱን አውቆ የሚያወጣው የመጀመሪያው አንቲቦዲ ነው፣ ስለዚህም ይዘገያል። ከ4ኛው ወይም ከ5ኛው ቀን ወዲህ ነው ብቅ የሚለው። በ2ኛው ቀን አይ ጂ ኤም ብቻ አሠርቶ "ነጻ ነኝ" ብሎ የሚመለስ ሰው ገንዘቡን አባክኖ የሐሰት መጽናኛ ይዞ ነው የሚሄደው። ከወጣ በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ዛሬ ፖዘቲቭ ያለው አይ ጂ ኤም ከወር በፊት ያለፈውን ሕመም እያሳየ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሳምንት ሞልቶት ለመጣ በሽተኛ ግን ከኤን ኤስ ዋን ይልቅ እሱ ይሻላል።

አይ ጂ ጂ፣ ሌላኛው አንቲቦዲ፣ ብዙ ሰው የሚደናገጥበት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በያዘው ሰው ላይ ከሳምንት በኋላ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ለዓመታት፣ እንደውም ዕድሜ ልክ ይቀራል። ለሁለተኛ ጊዜ በያዘው ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተንደርድሮ ይወጣል። ይህ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። የደንጊ ቫይረስ 4 ዓይነት ነው። አንዱ የያዘው ሰው ያንኑ ዓይነት ዳግም አይፈራም፣ ሌላኛው ከያዘው ግን የድሮው አንቲቦዲ ቫይረሱን ከማቆም ይልቅ ወደ ሴሎች እንዲገባ ሊያግዘው ይችላል፣ ከባዱ ደንጊ በሁለተኛው ዙር የሚበዛውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል አይ ጂ ጂ ደንጊን ከዘመዶቹ፣ ለምሳሌ ከቢጫ ወባ ቫይረስ፣ በደንብ አይለይም። ዓረብ አገር ለመሄድ የቢጫ ወባ ክትባት ተወግታ ቢጫ ካርድ የያዘች ልጅ፣ ደንጊ ይዟት ሳያውቅ አይ ጂ ጂዋ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ስለዚህ አይ ጂ ጂን ብቻውን አትግዙ። ክትባት ከወሰዳችሁም ተናገሩ።

ሦስቱን በአንድ የሚሠራ ኪት አለ፣ ለምሳሌ ባዮላይን ዴንጊ ዱዎ። በአንዱ በኩል ኤን ኤስ ዋን፣ በሌላው አይ ጂ ኤምና አይ ጂ ጂ። ከነጠላው ዋጋው ከፍ ይላል። ግን ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ በውል ላልታወቀ ሰው፣ ወይም ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ላለ ሰው፣ እኔ ያለምንም ማመንታት ጥምሩን ነው የምመርጠው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይነሳል።

ኪቱን ደግሞ እዩት። ማፈር የለም። ብዙዎቹ ከ30 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለባቸውም፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር የተደረደረ ካርቶን ካያችሁ ሌላ ቤት ሂዱ። ደሙ ከተንጠበጠበ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው የሚነበበው። "ሲ" የምትለው መስመር ካልወጣች ውጤት የለም፣ እንደገና ይሠራል። ሌላኛዋ መስመር እንደ እርሳስ ጭረት ብትደበዝዝም ፖዘቲቭ ናት። ሻይ ጠጥተው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የሚያነቡት ውጤት ግን አይታመንም።

ኤላይዛ የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራስ? አንቲቦዲውን ከፈጣኑ ኪት በተሻለ ይለካል፣ ግን ናሙና ተጠራቅሞ ስለሚሠራ ቀናት ያስጠብቃል። የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር በመጀመሪያው ሳምንት የቫይረሱን ዓይነት ጭምር ይለያል። ለወረርሽኝ ክትትል የግድ ነው፣ አዲስ አበባ ያለው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚሠራውም ለዚያ ነው። አልጋ ላይ ለተኛው ሰው ግን ሕክምናውን አይቀይርለትም።

አሁን ወደምወደው። ሲቢሲ፣ የደም ሴሎች ቆጠራ። የደንጊን ስም አይነግራችሁም፣ ግን ሰውየው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል። ሦስት ቁጥር ተመልከቱ። ነጭ የደም ሴል በደንጊ ይወርዳል። ፕላትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውና በጤናው ከ150,000 እስከ 450,000 የሆነው፣ ቁልቁል ይሄዳል። ሄማቶክሪት (ከደሙ ውስጥ የቀይ ሴሉ ድርሻ በመቶኛ) ደግሞ ይወጣል፣ ፈሳሹ ከደም ሥር እያመለጠ ደሙ ስለሚወፍር። ሄማቶክሪቱ ከነበረበት በ20 ከመቶ ከጨመረ ሐኪሙ ወዲያው ማወቅ አለበት። የወንድሜን ወረቀት ይኸው፦ በ3ኛው ቀን ፕላትሌቱ 118,000፣ በ5ኛው 74,000፣ በ6ኛው 52,000፣ በ8ኛው 96,000። ሄማቶክሪቱ ከ42 ወደ 48 ወጥቶ ተመለሰ። አንዱን ቁጥር ብቻውን ብታዩት ምንም አይናገርም። ስለዚህ ለአንድ ውድ ምርመራ ያላችሁን ሁሉ ከምትጨርሱ፣ ለኪቱ አንዴ ከፍላችሁ የቀረውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለሚደገም ሲቢሲ አስቀምጡ። ብዙውን ጊዜ ርካሹም እሱ ነው።

በተለይ ትኩሳቱ ሲበርድ። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ትኩሳቱ ጥሎት "ተሻለው" የሚባልበት ሰዓት ነው አደገኛው፣ ፈሳሹ የሚያመልጠው ያኔ ነውና። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ትውከቱ አልቆም ካለ፣ ከአፉ ወይም ከአፍንጫው ከደማ፣ ወይም ከደከመና ከተቅበጠበጠ፣ ኪት ፍለጋ አትዙሩ። ሆስፒታል ውሰዱት።

ሲአርፒ፣ ፌሪቲን፣ ኢንተርሉኪን ስድስት የሚባሉ፣ የሰውነትን ብግነት የሚያሳዩ የደም ምርመራዎችም አሉ። ፌሪቲን በደንጊ ከፍ ይላል፣ ኢንተርሉኪኖቹን ተመራማሪዎች የሰውነት መከላከያ ለምን ከልክ እንደሚያልፍ ለማወቅ ይለኳቸዋል። ሐኪም ካላዘዘ በራሳችሁ አትግዟቸው። ዊዳልም አንዴ ብቻ ተሠርቶ ታይፎይድን አያረጋግጥም። የወባ ምርመራን ግን በምንም አትተኩት፣ ኮምቦልቻ ወባ አለ፣ ሁለቱ አንድ ላይም ሊይዙ ይችላሉ። ውጤቱ እስኪመጣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ያ ዲክሎፌናክ መድማትን ያባብሳሉ።

ወንድሜ በ3ኛው ቀን ኤን ኤስ ዋኑ ፖዘቲቭ፣ ሁለቱ አንቲቦዲዎች ኔጌቲቭ ነበሩ። በ8ኛው ቀን እናቴ "እስቲ አረጋግጡልኝ" ብላ አልቻልናትምና ድጋሚ ከፈልን። ኤን ኤስ ዋኑ ጠፍቷል፣ አይ ጂ ኤሙ ወጥቷል። እሷ ሌላ በሽታ መጣበት ብላ ደነገጠች። ያው ደንጊው ነው እማዬ፣ ቀኑ ነው የሄደው አልኳት። ያ ብር ባይወጣም ይቻል ነበር። ወረቀቱ ግን ተቀምጧል፣ ሌላ ጊዜ ትኩሳት ቢነሳበት ሐኪሙ የመጀመሪያው ነው ወይስ ሁለተኛው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወንድሜ ከመኪናው ሊብሬ ጋር አጥፎ ይዞት ነው የሚሄደው።