ድሬ ላይ ትንሽ ልጅ ላላችሁ፦ እቺን መምህርት እወቁልኝ

ድሬ የምትኖሩ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህቺን ጽሁፍ እስከ መጨረሻዋ አንብቡልኝ። ሳቢያን ውስጥ በራሷ ግቢ ጥቂት ሕጻናትን ሰብስባ የምታስተምር አንዲት መምህርት አለች። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏታል፣ እኔም በዚሁ ልጥራት፤ ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለገችም። ልጄ ፊደል የለየችው እሷ ጋ ነው። ቁጥር የገባት እሷ ጋ ነው። ጠዋት ከእንቅልፏ ተነስታ «ዛሬ ትምህርት አለ አይደል?» ብላ መጠየቅ የጀመረችውም እሷ ጋ ከገባች በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ውለታ በሆድ ተይዞ አይቀርም። በሰው ፊት ላመሰግናት ፈለግኩ።

ልጄ ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ነበረች። የት እንደሆነ አልጽፍም፣ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ገና 4 ዓመት ሳይሞላት «ሀ»ን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ነይ የሚል የቤት ሥራ ይሰጣት ነበር። እርሳሱን በጡጫዋ ጨብጣ ትጫነዋለች፣ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ከዚያ ለቅሶ ነው። ዩኒፎርሟን ስታይ «ሆዴን አመመኝ» ማለት ጀመረች። ስለ ቲቸር የነገረችኝ ጎረቤቴ ነች። «አቦ፣ ሂጂና በዓይንሽ እይው» አለችኝ።

ሄጄ አየሁ። ኒም ዛፍ ስር ምንጣፍ ተነጥፏል። ትምህርቱ በጠዋት ነው፣ የድሬ ፀሐይ ሳትበረታ። ደብተር የሚባል ነገር የለም። ጎድጎድ ያሉ ትሪዎች ተደርድረዋል፣ ውስጣቸው አሸዋ አለ። አሸዋው የደቻቱ ወንዝ ነው፤ በወንፊት ነፍታ፣ ውሃው እስኪጠራ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ ነው የምታቀርብላቸው። ልጆቹ በሌባ ጣታቸው ይጽፉበታል። ሲሳሳቱ ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ ጠፋ። ላጲስ የለም፣ ቀይ እስክሪብቶ የለም፣ ቁጣ የለም። አንድ ልጅ «ለ»ን ገልብጦ ጻፈና እየሳቀ አጠፋው። ልጄ ቤት ውስጥ ስትሳሳት ስቃ አታውቅም ነበር።

ይበልጥ ልቤን የወሰደው ግን ሊጡ ነው። ቲቸር «በ»ን ከሊጥ ትሠራለች፦ ሁለት እግር፣ ከላይ ጣሪያ። ልጆቹም የየራሳቸውን ሊጥ ያድቦለቡላሉ፣ ያገናኛሉ። ከዚያ «አሁን ቡ እናድርጋት» ትላለች። ትንሽ ቁራሽ ሊጥ ከቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ይለጠፋል። ቢ ስትሆን ቁራሿ ወርዳ እግሯ ጫፍ ላይ ትሆናለች። ባ ላይ ግራ እግሯ ቆረጥ ይደረጋል፣ ቀኙ ረዝሞ ይቀራል። ቦ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ቤ ላይ ደግሞ ቀኝ እግሯ ስር ቀለበት ይገባል። የኔዋ ቀለበቱን ስታይ «ቤ አልቦ አደረገች!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በሙሉ ሌን፣ ሴን፣ ቴን «አልቦ ያላት» ነው የሚሏቸው፣ ቲቸርም እንደዚያው።

እስቲ አስቡት። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። አንድ ሕጻን 231 ቅርጽ አንድ በአንድ በቃልህ ያዝ ቢባል ሸክም ነው። እግር የሚቆረጠውና ቀለበት የሚገባው የት እንደሆነ በገዛ እጁ ሠርቶ ካወቀ ግን ብዙውን ራሱ ይደርስበታል። «ረ»ንና «ፈ»ን የመሳሰሉትን፣ ከሥርዓቱ ወጣ የሚሉትን፣ ቲቸር ለኋላ ታቆያቸዋለች። ቅደም ተከተሉን ደግሞ በእግራቸው ያጠኑታል። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ 7 ሳጥን ተስሏል። ልጁ በ፣ ቡ፣ ቢ እያለ ከግዕዝ ተነስቶ እስከ ሳብዕ ይዘላል። ሰኞ ማክሰኞ የተጫወተ ልጅ ሕጉን ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቁጥሩም በቆርኪ ነው። ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በመዶሻ ጠፍጥፋዋለች። 5 ማለት ልጁ ቆጥሮ መዳፉ ላይ ያስቀመጠው ነገር ነው፣ የሚመዝን፣ የሚቀዘቅዝ።

«እርሳስ ለምን ቶሎ አትሰጫቸውም?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። እጇን ዘርግታ አንጓዋን እያሳየች አስረዳችኝ። ልጅ ሲወለድ የእጅ አንጓው ትንንሽ አጥንቶች ገና ልም አጥንት ናቸው። ወደ ጠንካራ አጥንት የሚለወጡት ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ውስጥ ነው። የጣት ጡንቻም የሚጠነክረው በሥራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጣቶቹን ታሠራቸዋለች። የባቢሌ ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። በልብስ መቆንጠጫ ጥጥ እያነሱ ከሳህን ወደ ሳህን ያዛውራሉ። ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነክረው ጣሳ ውስጥ ይጨምቃሉ። ምስርን ከሽምብራ በሁለት ጣት እየለቀሙ ይለያሉ። ለነሱ ጨዋታ ነው። ከጊዜ በኋላ ልጄ እርሳስ ስታነሳ በሦስት ጣቷ ያዘችው። ማንም «እንዲህ ያዢ» አላላትም።

ይህ አካሄድ ቲቸር ከሜዳ ያነሳችው አይደለም። ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ጣሊያናዊት ሐኪም በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር፣ የመጀመሪያውን የልጆች ቤቷን ከፈተች። በእሷ ዘዴ ፊደል ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ልጁ መስመሩን ተከትሎ በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ድምፁንም በአፉ ይላል። ዓይን፣ ጣት፣ አፍና ጆሮ አንድ ነገር ላይ አብረው ይሠራሉ ማለት ነው። በሞንቴሶሪ ስም ከውጭ የሚመጡት የእንጨት መማሪያዎች ዋጋቸው አይቀመስም። ቲቸር ግን ብርጭቆ ወረቀቱን ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ትገዛለች፣ በመቀስ ትቆርጣለች፣ ካርቶን ላይ በኮላ ትለጥፋለች። አንዱ ሲያረጅ ሌላ ይሠራል። በእውነት ይህቺ ሴት የምትከበርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የለኝም ብላ አልተቀመጠችም።

ስለ ሽታው ደግሞ ልንገራችሁ። ቀፊራ ገበያ ሄዳ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና አብሽ ትገዛለች። ክዳናቸው በምስማር የተበሳሳ ትንንሽ ጣሳዎች ውስጥ ታደርጋቸዋለች፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። ልጁ ዓይኑ በሻሽ ይሸፈንና እያሸተተ ጥንዱን ይፈልጋል። በርበሬና ሚጥሚጣ ወደዚያ ምንጣፍ ዝር አይሉም። አንድ እሁድ እናቴ ቤት ሻይ ተፈልቶ ሳለ ልጄ ማንቆርቆሪያው ጋ ሄዳ በአፍንጫዋ ሳበችና «አያቴ፣ ሄል ረስተሻል፣ ቅርንፉድ ብቻ ነው ያለው» አለቻት። እናቴ ቀምሳ አረጋገጠች። እውነት ነው፣ ሄል አልቆባት ነበር።

በባዶ ሃይላንድ ደግሞ የድምፅ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንዱ ውስጥ ሩዝ፣ አንዱ ውስጥ ባቄላ፣ አንዱ ውስጥ አሸዋ ይገባና ውጪው በወረቀት ይሸፈናል። እያንቀጫቀጩ ማን ከማን እንደሚመሳሰል ይለያሉ። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን «ሰ»ንና «ሸ»ን፣ «ተ»ንና «ጠ»ን በጆሮው መለየት ያለበት ልጅ መጀመሪያ ማዳመጥን መልመድ አለበት።

የድሬ ነገር ሆኖ ልጆቹ የሚመጡት ከየቤቱ ነው። አንዱ ቤቱ አፋን ኦሮሞ ይናገራል፣ አንዷ ሶማሊኛ፣ አንዱ ሐረሪኛ፣ አንዷ አማርኛ። የውሃ ጨዋታ ላይ ተቀምጠው ከማንቆርቆሪያ ወደ ኩባያ ሲቀዱ አንዱ «ቢሻን»፣ ሌላዋ «ቢዮ» ትላለች፣ ሁሉም ይግባባል። ቋንቋ ገና ያልያዘ ልጅ እዚያ ጥግ ላይ አይቀመጥም፣ እጁ ከሌሎቹ እኩል እየሠራ ነውና። ውሃው ደግሞ አይደፋም። ሲጨርሱ ይዘውት ሄደው ኒሙን ያጠጡታል።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። ሊጥ መንካት የማይወድ ልጅ ነበር። ጣቱ ላይ ሲጣበቅበት ሰውነቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ሰው ቢሆን «ንካው፣ ምንም አይልህም» ብሎ እጁን ይዞ ይከት ነበር። ቲቸር ማንኪያ ሰጠችው። በማንኪያ ሲጫን ሰነበተ። ከዚያ ሊጡን ፌስታል ውስጥ አድርጋ ከላይ እንዲጫነው ሰጠችው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ራሱ ጣቱን ከተተ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልጮኸም፤ አስቀድማ ዝም እንድንል ነግራን ነበር። ልጅን እንዲህ የሚያይ ዓይን በገንዘብ አይገዛም።

ለጥንቃቄዋም ምስጋና አለኝ። ከ3 ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ከመጣ ጥራጥሬው ይነሳል። ትንሽ ልጅ ባቄላ ወደ አፍ ወይም ወደ አፍንጫ ለመክተት ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ኦቾሎኒም ሊያንቀው ይችላል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ብቻቸውን አይተዉም። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ እንዳለ በመጀመሪያው ቀን ትጠይቃለች። ውሃ ባለበት ደግሞ፣ ጣሳ ሙሉ እንኳ ቢሆን፣ ዓይኗ አይነሳም።

ሊጡን ቤት ውስጥ መሥራት ለምትፈልጉ፣ እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች። 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ውሃውን ደግሞ እየጨመሩ ማሸት፣ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተው ድረስ። እርድ ቢጫ ያደርገዋል፣ የቀይ ስር ጭማቂ ሮዝ። በፌስታል ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ጨው ስለበዛበት ቶሎ አይበላሽም፣ ግን በዚሁ ጨው ምክንያት ልጅ እንዳይበላው ተጠንቀቁ።

ከወላጆች ጋር ያላት ነገር ቀላል አይደለም። «ደብተሩ የታለ?» የሚል አባት አይጠፋም። አንዱ እኔ ባለሁበት «ልጄ አሸዋ ሊጫወት ነው የምከፍለው?» አላት። አልተቆጣችም። «ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት ብቅ ይበሉና አብረውት ይቀመጡ» አለችው። መጣ፣ ተቀመጠ፣ ሱሪው አሸዋ በአሸዋ ሆኖ ወጣ። ልጁ ዛሬም እዚያው ነው። ወላጆችን እንዲህ እየጠራች ታስቀምጠናለች። አገሪቱ በ2002 ዓ.ም ያወጣችው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍም የወላጆችን ትምህርት ከአራቱ ምሰሶዎቹ አንዱ አድርጎታል። ወረቀት ላይ ያለውን ነገር ግቢ ውስጥ ሲሠራ ያየሁት እሷ ጋ ነው።

እውነቱን ለመናገር ለሁሉም ቤተሰብ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ልጅ የሚያቆይላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ እሷ የጠዋት ብቻ ነች። ልጃችሁ በወር ውስጥ እንግሊዝኛ እንዲያነበንብ የምትፈልጉ ከሆነም ቦታው እዚያ አይደለም። የኔ ልጅ አንዳንድ ፊደል አሁንም ገልብጣ ትጽፋለች፣ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። ግን መጽሐፍ ታነሳለች፣ የሱቅ ታፔላ ላይ የምታውቀውን ፊደል ትፈልጋለች፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ «በ! ያውና በ!» ትላለች።

ቲቸር፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። ልጄን በትዕግሥት ስለያዝሽልኝ፣ እኔንም ምንጣፉ ላይ አስቀምጠሽ ስላሳየሽኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ልጅ ማስገባት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ክፍያውን ከራሷ ጋ ተነጋገሩ። ጥቂት ልጆች ብቻ ስለምትይዝ ቶሎ ጠይቁ። ስትሄዱ ልጁን ቢቆሽሽ የማያሳስብ ልብስ አልብሱት፣ ቅያሪም ያዙ። ልጅ የሌላችሁም ብትሆኑ ባዶ ካርቶን፣ ክዳን ያለው ሃይላንድና ቆርኪ ካላችሁ አትጣሉ፣ ትፈልገዋለች። በተለይ ልብስ ሰፊዎች፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ አስቀምጡልን። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ሐሩን ከጥጥ፣ ጥጡን ከሱፍ የሚለዩበት ከረጢት እየሠራች ነው፣ ሱፍ ደግሞ ድሬ ላይ እንደልብ አይገኝም።