ከቪየና የገዛሁት ጠገራ ብር
ባለፈው ወር ቪየና ውስጥ ከአንድ የሳንቲም ሱቅ ታለር ገዛሁ። እኛ ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የምንለው ነው። የኔው አሮጌ አይደለም። የኦስትሪያ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ዛሬም ይመታዋል፤ ዓመቱ ግን ሁሌም 1780 ነው፣ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፈችበት።

ሱቁ ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ እንደ መስታወት የጠራ፣ በፕላስቲክ ማቀፊያ የተዘጋ። ሌላው ተራው። ሻጩ የሚያብረቀርቀውን ሊያስገዛኝ ብዙ ለፋ። እኔ ተራውን ወሰድኩ፤ እናንተም ተራውን ውሰዱ። የጠራው ላይ ጣት ካረፈ ምልክቱ ይቀራል። ማቀፊያው ደግሞ ጠርዙን ይሸፍናል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ዙሪያውን በላቲን ‹‹በፍትሕና በምሕረት›› የሚል ተጽፏል። ፊደሎቹ ጎልተው የወጡ ናቸው። ጠርዙን ሞርዶ ብር የሰረቀ ወዲያው ይታወቅበታል።

ቤት ስገባ የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 28 ግራም። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ።

አባቴ አንጥረኛ ነበር። እሱ ዘንድ ይሄ ክብደት ወቄት ነው፤ ግራም ሲል ሰምቼው አላውቅም። የአንገት መስቀል ሊሠራ ሲነሳ መጀመሪያ ጠገራውን ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ቀጥሎ የንግሥቲቱን ትከሻ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። እዚያ ያለው የጌጧ ዕንቁ ተድጦ ከጠፋ ፊቱ ይጠቁራል። ወናፉ የሚነፋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አዲሱንም እንደዚያው ፈተንኩት። ዕንቁዎቹ አንድ በአንድ ለጣት ይሰማሉ። ድንጋይ ላይ ስጥለው ድምፁ እንደ ቃጭል ረዘም ብሎ ሄደ። አልተታለልኩም።

ቅር ያለኝ ሱቁ አብሮ የሰጠኝ ወረቀት ነው። ስለ ንግሥቲቱ ብዙ ያወራል፣ ስለ ስሙ ግን ትንፍሽ አይልም። ሳንቲሙን ራሱን ብታገላብጡትም ‹‹ታለር›› የሚል ቃል የለበትም፤ ዋጋም አልተጻፈበትም። ወረቀቱ የዘለለውን እኔ ልንገራችሁ።

ስሙ ከከተማ የመጣ ነው። ዛሬ ቼክ በሚባለው አገር፣ በቦሄሚያ ተራሮች መሃል ያኪሞቭ የምትባል ከተማ አለች። የጀርመንኛ ስሟ ሳንክት ዮአኪምስታል ነው። ዮአኪም የኛው ኢያቄም ነው፣ የሐና ባል፣ የእመቤታችን አባት። ታል ደግሞ ሸለቆ ነው። የቅዱስ ኢያቄም ሸለቆ! ይሄን ያወቅኩ ቀን ልቤ ነው የሞቀው። እዚያ ብዙ ብር ከመሬት ወጣና ሽሊክ የሚባሉት መሳፍንት በ1520 እ.ኤ.አ. ገደማ ትልልቅ የብር ሳንቲም መምታት ጀመሩ። ሳንቲሙ ላይ ቅዱስ ኢያቄም ቆሞ ይታያል። ጀርመኖች በቦታ ስም መጨረሻ ‹‹ኤር›› ሲጨምሩ የዚያ ቦታ ሰው ወይም ዕቃ ይሆናል፤ ከበርሊን በርሊነር፣ ከቪን (ቪየና በጀርመንኛ) ቪነር። ይሄኛውም ዮአኪምስታለር ተባለ። ስሙ ለአፍ ረዘመና ከፊቱ ተቆርጦ ታለር ቀረ። ‹‹የሸለቆው›› እንደማለት ነው። ዶላርም የዚሁ ቃል ልጅ ነው፣ በሆላንዶች አፍ አልፎ የሄደ።

ጀርመን ውስጥ የመጨረሻው ታለር ከገበያ የወጣው በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። ቃሉ ግን ዛሬም አለ። ‹‹ፕፌኒግን ያላከበረ ታለር አይገባውም›› የሚል ተረት አላቸው፤ ፕፌኒግ የድሮው ትንሹ ሳንቲማቸው ነው። በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለው የልጆች ክብ ቸኮሌት ታለር ነው። ክብና ጠፍጣፋ የድንች ጥብስም እንዲሁ።

እኛ አገር ሲገባ ስሙ ተቀየረ። በ1932 እ.ኤ.አ. የወጡት የኢትዮጵያ ባንክ ኖቶች በፈረንጅኛው ታለር ይላሉ፤ ሰዉ ግን ብር ነው የሚለው። እነሱ በወጣበት ቦታ ጠሩት፣ እኛ በተሠራበት ነገር። አባቴ ታለር የሚለውን ቃል ሳይሰማው ነው ያለፈ። ስንቱን የኢያቄም ሸለቆ መስቀል አድርጎ አንገት ላይ እንዳንጠለጠለ ብነግረው ደስ ባለኝ።

ለመግዛት ካሰባችሁ የዕለቱን የብር ማዕድን ዋጋ አይታችሁ ሂዱ፤ የሳንቲሙ ዋጋም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። የኔው አሁን የአባቴ ሚዛን ላይ፣ በግራው በኩል ተቀምጧል።