ለኬሚስትሪ አስጠኚያችን ምስጋና፣ ልጅ ለምታስጠኑም ጥቆማ

የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ ያስጠኑልንን መምህር ከልብ እናመሰግናለን። እኛም ኬሚስትሪ ስለምናስተምር፣ የምንጠቁማችሁ የተማሪዎቹን ደብተር ገልጠን አይተን ነው።

ብዙ ተማሪ የሪአክሽን ዓይነት የሚለየው በቆጠራ ነው፦ ሁለት ገብቶ አንድ ከወጣ ኮምቢኔሽን፣ አንድ ገብቶ ሁለት ከወጣ ዲኮምፖዚሽን፣ ሁለት ገብቶ ሁለት ከወጣ ደብል ዲስፕሌስመንት (ሁለት ውህዶች አካላቸውን የሚቀያየሩበት)። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ሚቴን በኦክስጅን ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይወጣሉ፤ ሁለት በሁለት ነው፣ ግን ኮምበስሽን (መቃጠል) ነው። እኚህ መምህር ከቆጠራው በፊት ብቻውን የቆመውን ኤለመንት በቀይ እስክሪብቶ ያስከብባሉ። ሚቴኑ ላይ በግራ ኦክስጅን ይከበባል፣ በቀኝ የሚከበብ የለም። ዚንክና ኮፐር ሰልፌት ላይ ግን በግራ ዚንክ፣ በቀኝ ኮፐር ይከበባሉ፤ ሲንግል ዲስፕሌስመንት (አንድ ኤለመንት ሌላውን አስወጥቶ ቦታውን የሚይዝበት) መሆኑ ወዲያው ይታያል። ሶዲየም ከውሃ ጋር ሲሆን ደግሞ ውሃን «ኤች ኦ ኤች» ብለው ያስጽፋሉ። ያኔ ሶዲየም አንዱን ሃይድሮጅን አስወጥቶ ቦታውን እንደያዘ ለማንም ግልጽ ነው።

ከሁሉ የወደድንላቸው ግን የማይካሄደውን ማስለየታቸው ነው። ኮፐር ዚንክ ሰልፌት ውስጥ ቢገባ ምንም አይሆንም፤ አክቲቪቲ ሲሪስ (ሜታሎች ከብርቱው ወደ ደካማው የተደረደሩበት ዝርዝር) ላይ ከዚንክ በታች ነውና። ሶዲየም ክሎራይድና ፖታሺየም ናይትሬትም ወረቀት ላይ ይቀያየራሉ፣ ብርጭቆ ውስጥ ግን አራቱም አየኖች (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) ሟምተው ይቀራሉ። ዝቃጭ፣ ጋዝ ወይም ውሃ ካልወጣ «ኖ ሪአክሽን» ተብሎ ይጻፋል። በፖታሺየም ናይትሬቱ ፋንታ ሲልቨር ናይትሬት ቢሆን ኖሮ ነጭ የሲልቨር ክሎራይድ ዝቃጭ ይወርድ ነበር።

ሶዲየም ካርቦኔትና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሦስት ፕሮዳክት ሲሰጡ ልጆች ይደነግጣሉ። ደብል ዲስፕሌስመንት ነው፤ የተፈጠረው ካርቦኒክ አሲድ ስለማይረጋ ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል።

ሪዶክስን (ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበትን ሪአክሽን) ለብቻው በኦክሲዴሽን ነምበር (ለእያንዳንዱ አቶም በሚሰጠው የቻርጅ ቁጥር) ያስፈትሻሉ፣ ትክክልም ናቸው። ማግኒዥየም ሲቃጠል ከ0 ወደ +2 ይሄዳል፤ ኮምቢኔሽንም ሪዶክስም ነው። ያልበረደ ኖራ (ካልሲየም ኦክሳይድ) ውሃ ሲጠጣ ግን ካልሲየም ያው +2 ነው፣ ኦክስጅንም ሃይድሮጅንም አይለወጡም፤ ኮምቢኔሽን ብቻ ነው።

ልጃችሁን የምትልኩ፣ ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግና የናይትሬት፣ የሰልፌት፣ የካርቦኔትና የሃይድሮክሳይድን ቻርጅ አስቀድሞ ይወቅ፤ አለዚያ ሰዓቱ በዚያ ያልቃል። ፔሪዮዲክ ቴብልና ቀይ እስክሪብቶም ይያዝ።