ከነርሲንግ ዲግሪ በኋላ የትኛው ይሻላል?

ዓመታት የሠራ ነርስ "ቀጥሎ ምን ልማር?" ሲል ብዙ ጊዜ የሚያወዳድረው የዲግሪውን ስም ነው። እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከ5 ዓመት በኋላም ታካሚ አጠገብ መሆን ትፈልጋላችሁ?

አዎ ካላችሁ ክሊኒካል ማስተርስ ይሻላችኋል። በጽኑ ሕሙማን፣ በሕፃናት፣ በአእምሮ ጤና እያለ በዘርፍ የተከፋፈለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ዓለም አቀፉ የነርሶች ካውንስል በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከፍ ያለ የሕክምና ኃላፊነት ለሚወስዱ ነርሶች መነሻው ማስተርስ እንዲሆን መክሯል። ዲግሪው ብቻውን ግን መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን አይሰጥም። እሱን የሚወስነው የየአገሩ ሕግና የሙያ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲውማ ተማሪ ይፈልጋል፤ ሁሉም ይቻላል ሊላችሁ ይችላል። የተግባር ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሆነና ማን እንደሚከታተላችሁም አጣሩ። ልምምዱ ለስም ያህል ከሆነ ይቅርባችሁ።

የሕዝብ ጤና ማስተርስ ከአልጋው አጠገብ ያነሳችኋል። ትምህርቱ ኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠና)፣ ባዮስታቲስቲክስ (የጤና መረጃን በቁጥር የሚተነትን)፣ የፕሮግራም ዕቅድ ነው። የናይት ተረኝነት ስላንገሸገሸው ብቻ የሚገባበት ሰው አለ። ቁጥርና ሪፖርት የማይወድ ከሆነ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

የጤና አስተዳደር ማስተርስ በጀት፣ የሰው ኃይልና የሥራ ክፍፍል ለሚመራ ሰው ነው። መጀመሪያ ቡድን መርታችሁ ብታዩት ጥሩ ነው፤ አለቃነት ለሁሉም አይሆንም።

ወደ ሦስተኛ ዲግሪ ስትመጡ ሁለቱን አታምታቱ። ፒኤችዲ አዲስ ዕውቀት የሚያመነጭ ተመራማሪ ያወጣል። ዲኤንፒ የሚባለው የነርሲንግ ተግባር ዶክትሬት ደግሞ የተገኘውን ማስረጃ ወስዶ አሠራር ለሚያሻሽል ባለሙያ ነው። ዲኤንፒ በዋናነት የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። እዚያ ከ2022 ጀምሮ የነርስ አንስቴዥያ (ማደንዘዣ ሰጪ ነርስነት) ሥልጠና የሚገባ ሁሉ በዶክትሬት ደረጃ መማር አለበት። በሌላ አገር ልትሠሩበት ካሰባችሁ ዕውቅና እንዳለው ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ፒኤችዲውን ከመረጣችሁ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት አማካሪውን እዩ። ከዚህ በፊት ያማከራቸው ተማሪዎች በስንት ዓመት እንደጨረሱ ራሳቸውን ጠይቋቸው። ስንቶቹ እንዳቋረጡም።