ጉሙ እስኪገለጥ አብረውን የጠበቁት ሹፌር

ባለፈው ሰኔ እኔና ባለቤቴ አየርላንድ ነበርን። ከጎልዌይ ተነስተን የሞኸር ገደሎችንና ዱሊን የምትባለውን የባህር ዳር መንደር በአንድ ቀን አይተን ተመለስን። ያ ቀን ያማረልን በአንድ ሰው ነው። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አደባባይ አላወጣም። እዚያ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ በራሳቸው መኪና እንግዳ የሚያስጎበኙ ያገራችን ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጋሼ ስንላቸው ስለዋልን እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

ከጉዞው በፊት ማታ ስደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «የገደሎቹን መግቢያ ትኬት ቆርጣችኋል?» ብለው ነው። አልቆረጥንም። «ደግ አደረጋችሁ፤ ጠዋት ሰማዩን አይተን እንወስናለን» አሉ። ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን ስንደርስ ገደሉ የለም! ጉም ከባህሩ ተነስቶ ሁሉንም ሸፍኖታል፤ ከታች የማዕበሉ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚህ በፊት በሌላ አገር በአውቶቡስ ስንጎበኝ ዝናብ ላይ አውርደውን፣ «ሰዓታችሁ አለቀ» ብለው መልሰው ጭነውን ያውቃሉ። ያው ሊደገም ነው ብዬ ከፋኝ።

ጋሼ ግን መኪናውን አዞሩ። «ልጆቼ፣ ገደሉ የትም አይሄድም። ዱሊንን እናስቀድም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትዞር ፊት ለፊት ታበራበታለች።» እውነት ነው፤ ገደሎቹ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የዞሩ ናቸውና ጠዋት ቢገለጡም የምናያቸው ጥላ ውስጥ ሆነው ነበር።

ዱሊን ቤቶቿ ተራርቀው የተበተኑ ትንሽ መንደር ናት። ፊሸር ስትሪት በሚባለው አጭር መንገድ ላይ ግን በቀለም ያሸበረቁ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ስሟ የተሰማው በባህላዊ ሙዚቃዋ ነው። ጋሼ ራስል ስለሚባሉት ሦስት ወንድማማቾች አጫወቱን፤ አንደኛው ቲን ዊስል የሚባለውን ትንሽ የብረት ዋሽንት በመንፋት እጅግ የታወቁና እ.ኤ.አ. በ1994 ያረፉ ናቸው። በመንደሯ መጠጥ ቤቶች ሙዚቀኞቹ መድረክ ላይ አይወጡም፤ ከሰው መሀል ጠረጴዛ ከበው ይጫወታሉ። አንድ ሽማግሌ ፊድል የሚሉትን ቫዮሊን ሲጫወቱ ባለቤቴ የመሰንቆ ድምፅ ትዝ ብሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጋሼ አይተው ዝም አሉ። እኔ ያከበርኳቸው ያኔ ነው።

ከዚያ ወደ ወደቡ ወረድን። የአራን ደሴቶች ጀልባ የሚነሳው ከዚያ ነው። «ኢኒሺርን ጥርት አድርጋችሁ ስታዩዋት ንገሩኝ» አሉን። ኢኒሺር ከደሴቶቹ ለዱሊን የምትቀርበው ናት። ስምንት ሰዓት ገደማ ግራጫው ውስጥ አንድ ጥቁር መስመር ታየ፤ ከዚያ የደሴቷ ቤቶች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ጋሼ ቁልፋቸውን አነሱ።

እኛ የገደል አገር ልጆች ነን፤ የሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው በገደል አይደነግጥም ብዬ ነበር የሄድኩት። ይህኛው ግን ሌላ ነው። 14 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ፣ ከፍተኛው ቦታ 214 ሜትር የሚደርስ ግድግዳ በቀጥታ ወደ ባህር ይወርዳል። ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ድርብርብ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይታያል።

ባለቤቴ ከፍታ ይፈራል። ጋሼ «አይዞህ፣ ምን አለ» ብለው አልገፉትም። ከመንገዱ ዳር እንደ አጥር የቆሙትን ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋዮች እያሳዩት በውስጥ በኩል አብረውት ተራመዱ። ድንጋዮቹ ላይ የተጠማዘዘ መስመር አለ፤ ባህር ወለል ላይ ይሳቡ የነበሩ ጥንታዊ ፍጥረታት የተዉት ዱካ ነው። እሱ ዱካውን በጣቱ ሲከተል ሳያስበው ገደሉ ላይ ካለው የመመልከቻ ማማ፣ ኦብራየን ግንብ ደረሰ። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1835 የተሠራ ነው።

እኔን ግን ተቆጡኝ። ለፎቶ ብዬ ድንጋዩን ልሻገር ስል «እህቴ፣ ተመለሺ! የቆምሽበት ከታች ባዶ ሊሆን ይችላል» አሉ። ማዕበሉ ከሥር ለስላሳውን ድንጋይ እየበላው ላይኛው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ነፋሱም ድንገት ይገፋል። ስለተቆጡኝ አመሰግናቸዋለሁ።

በመጨረሻ ከመኪናቸው የሩቅ ማያ መነጽር አምጥተው ፓፊኖቹን አሳዩን። ምንቃሯ ቀይና ብርቱካናማ የሆነች፣ ከእርግብ ብዙ የማትበልጥ የባህር ወፍ ናት። ለመራባት ወደ ገደሉ መጥታ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ትቆያለች። ያለ መነጽር ነጭ ነጥብ ብቻ ነበር የሚታየን።

የተስማማነው ሰዓት ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ ጭማሪ ግን አልጠየቁንም። እኛ ስንሰጣቸው እንኳ የተቀበሉት ተለምነው ነው።

ከጎልዌይ ወደዚያ የምትሄዱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። የንፋስ ጃኬትና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። ጠዋት ጉም ካለ ደግሞ እሳቸው የሚሉትን ስሙ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። መነጽሩን ይዘው ወደ ባህሩ ሲያዩ ያነሳንዎትን ፎቶ አሳጥበነዋል፤ በዚህ ሳምንት በፖስታ እንልክልዎታለን።