የአማቴ አይሪሻዊ ምንጅላት እና ነፃው ድረ ገጽ

በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጹ ፋሚሊሰርች ነፃ ነው፣ ገንዘብ ከፍዬ ከሞከርኳቸው ደግሞ ይበልጣል። ካርድ አይጠይቅም። "ለሁለት ሳምንት ሞክሩት" ብሎ ስትረሱት ከባንክ የሚቆርጥባችሁ ነገር የለውም። አካውንት መክፈት ብቻ ነው። በ2024 ያመጡት "ፉል ቴክስት ሰርች" የሚሉት መፈለጊያ ግን ለብቻው ሊወራለት የሚገባ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ ፈረንጅ ላገባችሁ፣ ወይም ልጃችሁ "የቤተሰብ ዛፍ ሥሪ" ተብላ ከትምህርት ቤት ለመጣችባችሁ ነው። የእኛን ወገን ለልጄ እናቴ በቫይበር ትቆጥርላታለች፣ ሰባት ቤት ሳትሞላ ስልኩን አትዘጋም። የባለቤቴ ወገን ግን "አይሪሽ ነን" ይላል፣ እዚያው ያበቃል። አማቴ የሚያውቁት የጥንት አያታቸው ከአየርላንድ መጥቶ ቨርጂኒያ ውስጥ ሸናንዶዋ ሸለቆ ጫካ መንጥሮ መኖሩን ነው። ሌላው ወሬ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት የሚከፈልበትን ነው፣ ስሙን ልተወው። ገና የሰውዬውን ስም ሳስገባ የተሟላ የዘር ሐረግ ዘረገፈልኝ። ደስ ይላል። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ሰውዬው ከእናቱ የሚያንሰው በሁለት ዓመት ነው፣ ከሞተ በኋላም ልጆች ወልዷል፣ አባቱ ደግሞ ግንብ ያለው መኳንንት ተደርጓል። አንዱ ተጠቃሚ የገመተውን ሌላው ይገለብጣል፣ ድርጅቱ ያንኑ "ፍንጭ አግኝተንልዎታል" እያለ መልሶ ይሸጠዋል። ሰርዙልኝ ብዬ ስጽፍ የዓመቱ ክፍያ አይመለስም አሉኝ። እሺ፣ ይቅርባችሁ።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰው ለምን ያስቸግራል? አየርላንድን ለቅቀው በ1700ዎቹ ወደዚህ የመጡት አብዛኞቹ ከሰሜኑ፣ ከአልስተር ነው የተነሱት፣ ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በመርከብ ፊላዴልፊያ ይደርሳሉ፣ ከዚያ ታላቁ የጋሪ መንገድ በሚባለው በላንካስተርና በዮርክ አድርገው፣ ፖቶማክን ተሻግረው ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ። የመርከብ ተሳፋሪ ዝርዝር ለፌዴራል መንግሥቱ መቅረብ የጀመረው በ1820 ነው። ፔንስልቬንያ ከ1727 ጀምሮ ጀርመኖችን ቃለ መሐላ እያስገባች ስማቸውን ትጽፍ ነበር፣ አይሪሾቹ ግን ድሮውንም የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢ ስለነበሩ ማንም ስማችሁ ማን ነው አላላቸውም። የዜግነት ወረቀት የላቸውም በዚሁ ምክንያት። የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ የ1790ው ነው፣ የቨርጂኒያው ቅጽ ጠፍቷል። እስከ 1840 ያሉት ቆጠራዎች ደግሞ የአባወራውን ስም ብቻ ይይዛሉ፣ ሌላው "ወንድ፣ ከዚህ ዕድሜ እስከዚህ ዕድሜ" ተብሎ በቁጥር ነው ያለው። አየርላንድ ሄጄ ልፈልግ ብትሉ በ1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ የደብሊኑ ቤተ መዛግብት ተቃጥሏል።

ታዲያ ምን ቀረ? መሬት፣ ግብርና ፍርድ ቤት። ሰውዬው መሬት ገዝቶ፣ ተበድሮ፣ ተካሶ፣ ለጎረቤቱ ምስክር ሆኖ ከሆነ ካውንቲው መዝገብ ላይ አለ። የጎጃም የርስት ሙግት ያነበበ ሰው ነገሩ አይገርመውም፣ ዘሩ የሚገኘው በክርክሩ ውስጥ ነው።

ፋሚሊሰርች የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያስተዳድረው፣ በእምነታቸው ለሞቱ ዘመዶቻቸው የሚፈጽሙት ሥርዓት ስላለ የዘር ነገር ላይ ቀልድ አያውቁም። ይህን ሰምታችሁ አትሽሹ፣ እኔን እስካሁን ማንም አልሰበከኝም። ከ1938 ጀምሮ በየፍርድ ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞሩ መዝገብ በማይክሮፊልም ሲያነሱ ኖረዋል፣ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ጥቅል ፊልም ሰብስበው ዩታ ውስጥ በተፈለፈለ ተራራ አስቀምጠዋል። ዲጂታል አድርገው የጨረሱት በ2021 ነው። ድሮ ችግሩ ፎቶው መኖሩ ሳይሆን ስሙን ሰው ቁጭ ብሎ ካልለቀመው አለመገኘቱ ነበር። አሁን በፉል ቴክስት ሰርች የእጅ ጽሑፉን ኮምፒውተር ያነብና እያንዳንዱን ቃል መፈለግ ይቻላል። ሻጭና ገዢ ብቻ አይደለም፣ ዳር ላይ የፈረመው ምስክር፣ "መሬቱ ከእገሌ ጋር ይዋሰናል" የተባለው እገሌ ሁሉ ይወጣል።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። የሰውን ስም ብቻ አትጻፉ፣ የወንዙን ስም ጨምሩበት። እኔ የቤተሰቡን ስምና "ክሪስቲያንስ ክሪክ" የሚለውን አንድ ላይ አስገባሁ፣ ሁለቱም የግድ እንዲገኙ ከሁለቱም ፊት የመደመር ምልክት አድርጌ። ኦገስታ ካውንቲ ውስጥ ያለች ትንሽ ወንዝ ናት። የሽያጭ ውል ወጣ። መሬቱ የሚለካው እንዲህ ነው፦ ከወንዙ ዳር ካለው ነጭ ኦክ ዛፍ ተነሳ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይህን ያህል "ፖል" ሂድ፣ ሁለት ሂከሪ ዛፎች ታገኛለህ፣ ከዚያ የእገሌን ወሰን ይዘህ ታጠፍ። አንድ ፖል አምስት ሜትር ገደማ ነው። ዛፎቹ ዛሬ የሉም፣ ወሰንተኞቹ ግን በስም ተጽፈዋል፣ እነሱን ስትከተሉ ባል የሆነውን፣ አማች የሆነውን ትደርሱበታላችሁ። በነገራችን ላይ እዚህ አካባቢ በ1736 ዊልያም ቤቨርሊ የተባለ ሰው 118,491 ኤከር ከቅኝ ግዛቱ አግኝቶ ነበር፣ ሰፋሪው የገዛው ከሱ ነው። ስለዚህ ከመንግሥት የተሰጠ መሬት ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም፣ የግለሰብ ሽያጭ መዝገብ ውስጥ ነው ያለው።

አማቴን ከወንበራቸው ያስነሳቸው ግን ሌላ ነው። ኦገስታ በ1738 ከኦሬንጅ ካውንቲ ተቆርጣ በካርታ ላይ ብትወጣም የራሷን ፍርድ ቤት ያገኘችው በ1745 ነው፣ እስከዚያ ሰው ጉዳይ ሲኖረው ተራራ ተሻግሮ ኦሬንጅ ይሄዳል። በ1740 በርካታ አይሪሾች እዚያ ቀርበው ይምላሉ። መሐላው፣ ራሴን፣ ሚስቴንና ልጆቼን በገዛ ወጪዬ ከአየርላንድ ወደ ፊላዴልፊያ፣ ከዚያም ወደዚህ ቅኝ ግዛት አምጥቻለሁ የሚል ነው። ለምን ይምላሉ? በራሱ ወጪ ለመጣ በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር የመሬት መብት ነበራ! የኛ ሰውዬም አለበት። የሚስቱና የልጆቹ ስም በተራ ተደርድሯል። የመርከብ ዝርዝር ጠፋ ስንል ከረምን፣ ሰውዬው ራሱ ለመሬት ሲል አስመዝግቦት ኖሯል።

ከልጆቹ አንዱ ኬንታኪ ገብቶ ነው ያረጀው። በ1832 የወጣው የጡረታ ሕግ የነፃነት ጦርነት ዘማቾችን ጡረታ አስገኘላቸው፣ ሽማግሌዎቹም ፍርድ ቤት ቀርበው ሕይወታቸውን ተናገሩ። የት ተወለድክ? መቼ? ዕድሜህ የተጻፈበት ነገር አለ? ስትዘምት የት ትኖር ነበር? ይህ ኦገስታ ተወለድኩ፣ ዕድሜዬ አባቴ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነበር፣ አሁን የት እንዳለ አላውቅም ብሏል። አባትና ልጁ የተገናኙልን በዚህች አንድ መስመር ነው። እነዚህ ፋይሎች በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ካታሎግ ላይም በነፃ ይታያሉ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የቨርጂኒያ የግብር መዝገብ ከ1782 ይጀምራል፣ ፈረስና ከብት ይቆጥራል፣ በባርነት የተያዙ ሰዎችንም እንደ ንብረት ይቆጥራል፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ቦታ በስማቸው። የዚህ ቤተሰብ መስመር ላይ አንዲት ሴት አለች። አማቴ ደሃ ገበሬ ነበሩ ሲባል ነው ያደጉት፣ አልጠበቁትም። ከዛፉ ማስታወሻ እናውጣው ሲሉኝ እምቢ አልኩ። የሷ ዘሮች ደግሞ እሷን እየፈለጉ ሊሆን ይችላል። መሬቱም ባዶ መሬት አልነበረም፣ የሻውኒ ሰዎች የሚያድኑበት አገር ነው።

ከፋሚሊሰርች ሌላ የሚጠቅመው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ነው። የመሬት ስጦታዎቹንና ቻንስሪ የሚባሉትን የውርስና የንብረት ክሶች በነፃ አስቀምጧል፣ ጎረቤት ስለ ጎረቤት የሰጠውን የምስክር ቃል እዚያ አንብቡ፣ ከድራማ ይበልጣል። የፌዴራል መሬት ቢሮውን ድረ ገጽ ሁሉም ሰው ይጠቁማችኋል፣ ነገር ግን ቨርጂኒያና ኬንታኪ እዚያ የሉም፣ መሬታቸውን ያደሉት ራሳቸው ናቸውና። የእናንተ ሰው ኢንዲያና ወይም ኢሊኖይ የወረደ ከሆነ ይሠራል። ለሰፋሪ መሬት በነፃ በሚሰጠው የ1862ቱ ሕግ 160 ኤከር ለወሰደ የውጭ ተወላጅ ደግሞ የማመልከቻ ፋይሉ የዜግነት ወረቀቱን ስለሚይዝ ወርቅ ነው።

የሚጎድለውን ልናገር። ኤአይ የድሮ እጅ ጽሑፍ ሲያነብ ይስታል፣ በተለይ የጥንቱ ረዥም "ኤስ" "ኤፍ" ስለሚመስል ስሙን በሁለቱም ሞክሩት። የቤተሰብ ዛፉ የጋራ ነው፣ ማንም ገብቶ ሊቀይረው ይችላል፣ ስለዚህ ዛፉን ሳይሆን የመዝገቡን ፎቶ እመኑ። የእንግሊዝኛው ቅጥልጥል ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ዓይን ያፈዛል፣ ከጥቂት ገጽ በኋላ ግን የጸሐፊውን እጅ ትለምዱታላችሁ። ውቅያኖሱን ተሻግረን የአየርላንዱን መንደር ገና አላገኘነውም፣ እሱ የድረ ገጹ ጥፋት አይደለም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአስር ዘጠኝ። አንዷ የቀነስኳት አንዳንድ ፎቶዎች ቤት ሆኖ ስለማይከፈቱ ነው። የቁልፍ ምልክት ካያችሁ የፋሚሊሰርች ማዕከል ወይም ከነሱ ጋር የሚሠራ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መሄድ አለባችሁ። መግቢያ አይከፈልም። ፍላሽ ያዙ፣ የሰዓት ሰሌዳውንም ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ የሚከፈቱት በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነው።