ምስሉ ሲጠቁር፦ የግራፊክስ ማፍጠኛውን ማጥፋት ወይስ ድራይቨሩን ማደስ?

ሐዋሳ ውስጥ የቆየ ላፕቶፕ ይዞ ቪዲዮ የሚከፍት ሰው ምስሉ ሲጠቁርበት ቀድሞ የሚያማው ኢንተርኔቱን ነው። ድምፁ ሳይቆራረጥ ምስሉ ብቻ ከጠፋ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩ ነው።

በክሮም ቅንብሮች «ሲስተም» ውስጥ የግራፊክስ ማፍጠኛውን፣ ማለትም የቪዲዮውን ሥራ ከፕሮሰሰሩ ወደ ግራፊክስ ቺፑ የሚያዞረውን ቅንብር፣ ማጥፋት ዳታ አይፈጅም፤ ብሮውዘሩን ዘግቶ መክፈት ይበቃል። ችግሩ ከተወገደ ምንጩ ታወቀ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከግራፊክስ ቺፑ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ነው። ይሁን እንጂ ቪዲዮውን የመፍታት ሸክም ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞራል፤ ማሽኑ ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መብራት በጠፋ ቀን ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም! ስለዚህ ማጥፋቱን ለምርመራ ብቻ እመርጠዋለሁ።

ድራይቨር ማደስ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊጠይቅ ይችላል፤ ቢሆንም ያዋጣል። ከአምራቹ ገጽ ብቻ ይውረድ፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን አትመኑ። አምራቹ ማደሱን ላቆመለት ማሽን ግን ማፍጠኛውን አጥፍቶ ጥራቱን ወደ 480ፒ ማውረድ ይሻላል።